የሃያ ስምንት ቀን ዐርባ

በሕይወቴ ካጠፋሁት ሁሉ ሰው እየሳቀ የሚያነሳብኝ አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም በሙት ላይ ያጠፋሁት ነው። አዳማ ጣቢያ ወርዳችሁ «ያ ዐርባን በሃያ ስምንት ቀን ያወጣው ሰውዬ ቤቱ የት ነው?» ብትሉ ማንም በጣቱ ይጠቁማችኋል። በክርስትና ስሜ ብትጠይቁ ግን አታገኙኝም። ስለዚህ ነገሩን ከባለቤቱ ስሙት። ሌላ ሰው ሲያወራው የታረደውን ሁለት በሬ ያደርገዋል፤ የታረደው አንድ ወይፈን ነው።

ሥራዬ ባቡር ማጠጣት ነው። ከብት የሚያጠጣ እረኛ ይባላል፤ ባቡር የሚያጠጣ ምን እንደሚባል እስካሁን ስም አልወጣለትም። ባቡሩ እያለከለከ ይመጣል፣ ከማማው ገንዳ ቧንቧውን አዞርለታለሁ፣ ጠጥቶ ይሄዳል። የሚመጣው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው፤ በቀረው ጊዜ ሰው እንዳይታዘበኝ ሥራ የበዛበት መስዬ እዞራለሁ። አዳማ ያኔ ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና የዓረቡ ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ጎጆና ግራር ነበረች። በጋ አቧራዋ፣ ክረምት ሲወጣ ወባዋ፣ በየተራ ይጫወቱብናል።

ጋሽ ሽብሩ የሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። ከመንዝ የወረዱ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ተሸክመው በየቀኑ ሐዲዱን ተከትለው ይሄዳሉ፤ የላላ ብሎን ሲያገኙ መጀመሪያ ይሰድቡታል፣ ከዚያ ያጠብቁታል። ሰውንም የሚይዙት እንደዚሁ ነው። እኔን «አንተ ባለ ቧንቧ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን የኦቦ ቱፋ ላሞች ሐዲዱ ላይ ተኝተው ባቡር ሲመጣ፣ ጋሽ ሽብሩ ቀዩን ጨርቅ እያውለበለቡ መሐል ገብተው ባቡሩን አቆሙት። ባቡር ለላም ሲቆም ያ የመጀመሪያው ነው። ከሥራ ሊባረሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ኦቦ ቱፋ ከጣቢያው ወዲያ ማዶ የሚኖሩ ከብት አርቢ ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለጋሽ ሽብሩ ወተት ሳይልኩ የሰነበቱበት ጊዜ የለም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልኩ አለፈ፤ በነሐሴ መጨረሻ ወባ ቤት ለቤት ገባች። ጋሽ ሽብሩ ወደቁ። ስንጠይቃቸው ስለ ሕመማቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አንድ ከሰዓት ብቻችንን ስንሆን እጄን ያዙኝ።

«ሞቱስ ይሁን» አሉ። «ከዚህ ሐዲድ ዳር ስንቱን ቀበርን፤ ዐርባውን ያወጣንለት አለ? ባቡር እንዳለፈ ነው፣ አቧራው ሲያርፍ ይረሳል። አንተ ቁጥር ታውቃለህ። ዐርባዬን አደራ።»

እሺ አልኳቸው። እሁድ ማለዳ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በመካከሉ ያለው ወንዝ ሞልቶ አያሻግርም። በዚያ ሙቀት አስከሬን አይቆይም። ከጣቢያው በላይ ካለው ግራር ሥር ቀበርናቸው። ቀባሪዎቹ አራት ነበርን፤ ሁለታችን እየተንቀጠቀጥን ነው የቆፈርነው። ቄስ የለም፣ ፍትሐት የለም። እንግዲህ የእኚያ ሰውዬ ጸሎት በሙሉ የቀረው በዐርባው ላይ ነው፤ ዐርባው ደግሞ በእኔ ላይ።

«አንተ ቁጥር ታውቃለህ» ያሉኝ ከመሬት ተነስተው አይደለም። ወሬውን የነዛሁት እኔው ነኝ። ልጅ ሆኜ ዳዊት ደግሜአለሁ፣ የግዕዙን ቁጥር አውቃለሁ። የጣቢያው ሹም፣ ሁላችንም ሙሴ የምንለው ፈረንጅ፣ የእነሱን ቁጥር አሳየኝ። በእኛ ዐርባ ማለት ፵ ነው፤ አንድ ፊደል፣ ብቻውን ጎምለል ብሎ ይቀመጣል። በእነሱ ግን አራትን ጽፈህ ከጎኗ አንዲት ባዶ ክብ ታስቀምጣለህ፤ ባዶዋ አራትን ዐርባ ታደርጋታለች። ምንም የሌለው ነገር ጎረቤቱን ሲያከብር አይቼ ስለማላውቅ በጣም ገረመኝ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ባቡሩ ዘገየና ሙሴ ሲሰለቸው ባቄላ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። በአሥር በአሥር የምንጠቀልለው ጣታችን አሥር ስለሆነ ብቻ ነው አለኝ። በሰባት መጠቅለልም ይቻላል። ነጠላዎቹን በቀኝ፣ ጥቅሎቹን በግራ ትጽፋለህ። ያን ጊዜ «10» ብለህ የጻፍከው ሰባት ነው፣ «11» ደግሞ ስምንት። እዚህ ላይ ልቤ ጠፋ። በአሥሩ ቁጥር ለሁለት መካፈሉን ከጅራቱ ታውቀዋለህ፤ በሰባቱ ግን ጅራት ይዋሻል። «11» በአንድ አልቆ ስምንት ነው፣ ይካፈላል፤ «12» በሁለት አልቆ ዘጠኝ ነው፣ አይካፈልም። እውነቱን የምታገኘው አኃዞቹን ስትደምራቸው ነው፤ ድምሩ ለሁለት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። እኔ ይህን ስሰማ የሰሎሞን ጥበብ የወረደብኝ መሰለኝ። ሙሴ ባቄላውን እየሰበሰበ አንድ ነገር ጨመረ፦

«ቁጥሩ ያው ነው፣ የተለወጠው ልብሱ ነው። በስንት እንደጠቀለልክ ሁልጊዜ ከጎኑ ጻፍ፤ አለዚያ ራስህን ታታልላለህ።»

ሰማሁት፤ በዚህ ጆሮ ገብቶ በዚያ ወጣ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔን ግን ያለኝም አልነበረም፣ ራሴን ነው አወቅህ አወቅህ ያልኩት። አንድ ወር ሙሉ ጠላ ቤት እየገባሁ ሰው ሳይጠይቀኝ አስተማርኩ። ሰዉም ከእኔ ጋር ከመከራከር መስማማት ይቀላል ብሎ «ቁጥር አዋቂ» አለኝ።

ከቀብሩ ስመለስ ከሰል አነሳሁና በቤቴ በር ላይ «1» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ አስካለ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። በሳምንት እየጠቀለልኩ እንደምቆጥር፣ ሰባት ቀን ሲሞላ ጥቅሉ ወደ ግራ እንደሚዞር፣ ዐርባው በዚህ አቆጣጠር «55» ሆኖ እንደሚመጣ፣ እሱም አምስት ሳምንት ከአምስት ቀን መሆኑን አስረዳኋት። አስካለ ጨርሳ ሰማችኝ።

«ዐርባ ጭረት ጭረህ በየቀኑ አንዱን ብትሰርዝስ?» አለች።

ጭረት ለመሃይም ነው አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኳት።

ዘመን ሲለወጥ ተራው የእኔ ሆነ። ንዳዱ ጣለኝ። ከመውደቄ በፊት አስካለን ጠርቼ ቅርጹን አስጠናኋት፤ ከስድስት በኋላ ክብ ይመጣል፣ ያን ጊዜ የግራውን በአንድ ታሳድጊያለሽ አልኳት። እሷ ቁጥሩን አታነበውም፤ ቅርጹን ግን አንድ ቀን ሳታጓድል ገለበጠች። ልብ በሉልኝ፣ በሩ አልተሳሳተም። አስካለም አልተሳሳተችም።

አንድ ሰኞ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። የወባው ኪኒን ጆሮዬ ውስጥ እንደ ንብ ይጮሃል፤ ግድግዳ ይዤ ወጣሁና በሩን አየሁ። «32» ይላል። ሠላሳ ሁለት ብዬ አነበብኩት። ሳምንቱም፣ ጥቅሉም፣ የሙሴም ባቄላ ከጭንቅላቴ በላብ ወጥተው ሄደዋል። ስምንት ቀን ቀረን፣ በሚመጣው ማክሰኞ ነው ብዬ ጮህኩ። አስካለ ጠላ ጠነሰሰች። ለመምሬ ኃይሌ፣ ማዶ ላለው ቤተ ክርስቲያን ቄስ፣ ማክሰኞ ይምጡልን ብዬ በመንገደኛ ላክሁ፤ ወንዙ ጎድሏል። ለኦቦ ቱፋም ነገርኳቸው፤ ወይፈኑን እሰጣለሁ ብለው ቀድመው ቃል ገብተው ነበር። ከጎረቤት ቀኑን ቆጥሮ የሚሞግተኝ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ እንደ እኔ ከትኩሳት የተነሳ ነው፤ በዚያ ሰሞን መስቀል ሲውል እንኳ ለደመራው እንጨት የሚያቆም ሰው ተፈልጎ ነው የተገኘው።

በሩ «33»፣ «34»፣ «35»፣ «36» እያለ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። «40» ይላል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ጠላቴ አይሰማው። ትናንት ሠላሳ ስድስት፣ ዛሬ ዐርባ። ሦስቱ ቀን የት ገቡ? አስካለን ምን አድርገሽ ነው ብዬ አፋጠጥኳት። «ከስድስት በኋላ ክብ ያልከኝ አንተ ነህ» አለችኝ። አእምሮ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ያስባል። እኔ ግን አስካለ በሕመሜ ሰሞን ሦስት ቀን ረስታ ኖሮ ዛሬ ደንግጣ አስተካከለችው ብዬ ፈረድኩባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሞኝና በርም እንዲሁ ናቸው። አደራው ዛሬ ነው ብዬ እየተንገዳገድኩ ሮጥኩ።

ጎረቤቴን በበቅሎ መምሬ ኃይሌን ሊያመጣ ሰደድኩት። ራሴ ኦቦ ቱፋ ዘንድ ደረስኩ። ከብቶቹን ሊያሰማሩ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። «አካም ቡልቴ» አሉኝ፤ እንዴት እንዳደርኩ ለመመለስ እንኳ ጊዜ አልሰጠኋቸውም።

«ገና ይመስለኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ብዙ ቀን ይቀረዋል።»

ይኸን ጊዜ ዝም ብዬ ብሰማቸው ይህን ወግ ባልጻፍኩት። እኔ ግን አራት ከጎኗ ባዶ ስትቀመጥ ዐርባ እንደምትሆን ጀመርኩላቸው። ስለ ባዶ ክብር፣ ስለ ፈረንጅ ጥበብ ብዙ ተናገርኩ። ሽማግሌው አክብረውኝ አዳመጡኝ። ስጨርስ «አንተ የተማርክ ነህ» ብለው ወይፈኑን ፈቱልኝ።

የቀረውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል። ወይፈኑ በረፋድ ታረደ። ጠላው ገና አልደረሰም፤ ድፍድፉ እየተንተከተከ ነው። አስካለ ይህን ሰው አይጠጣውም አለች፤ እኔ ይጠጣል አልኩ። እንግዳው መጣ። ከወባ የተነሳ ሰው የሥጋ ሽታ ሲደርሰው ቄስ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ መምሬ ኃይሌ ከሰዓት በኋላ ከበቅሎ ሲወርዱ ሰዉ እየበላ ነው። እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ።

ሟቹ በምን ቀን እንዳረፉ ጠየቁኝ። እሁድ አልኳቸው። ዛሬስ አሉኝ። ቅዳሜ አልኳቸው። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ እሁድ ያረፈ ሰው ዐርባው ሐሙስ ነው። ሁልጊዜ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የሚውለው ማክሰኞ ለሞተ ነው።»

ከዚያ ሽማግሌዎቹ በጻድቃንና በሰማዕታት ቀን መቁጠር ጀመሩ። አንዱ ጳጉሜን ዘለላት፤ ሁለተኛው አምስት ናት አለ፤ ሦስተኛው ዘንድሮ ስድስት ናት ብሎ ማለ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ሃያ ስምንት ላይ ተስማሙ። «ሠላሳ እንኳ አልሆነም እኮ» አለ አንዱ ሥጋውን ሳያስቀምጥ። እኔ ተነስቼ ወደ ቤቴ በር ሄድኩ። አራት ሰባት። አራት ጊዜ ሰባት፣ ከጎኑ ባዶ። ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣልኝ፤ የሙሴ ባቄላ፣ «55»፣ በስንት እንደጠቀለልክ ከጎኑ ጻፍ ያለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አስካለ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ስለ ጭረት አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

መምሬ ኃይሌ አልተቆጡም። የታረደውን ለነዳያን ምጽዋት ይሁን ብለው ባረኩት። ፍትሐቱን በቀኑ፣ ከሚመጣው ሐሙስ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ መጥቼ አደርሳለሁ፣ አሁን ግን ሳይመሽ ልግባ፣ አካላቴ ደኅና አይደለም አሉ። በበቅሎዋ ላይ ጎብጠው ሲሄዱ አየኋቸው።

ቅጣቱ ግን ገና አልጀመረም ነበር። ያልደረሰው ጠላ በማግሥቱ ጣቢያውን በሙሉ ጫካ አስገባው። ሰኞ ባቡሩ መጥቶ ሲያፏጭ እኔ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ነኝ፤ ያፏጫል፣ አልነሳም፤ ያፏጫል፣ አልችልም። ሙሴ ራሱ ማማው ላይ ወጥቶ ቧንቧውን አዞረ። በኋላ ጠርቶ ጠየቀኝ፣ ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኩት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ከጎኑ ሰባት ብለህ ጽፈህ ነበር ወይ አለኝ። አልጻፍኩም አልኩት። ጋሽ ሽብሩን ይወዳቸው ነበርና ሳቁን ተወው።

ቤቴ ገብቼ በሩን አጠብኩትና አስካለን ለቀሩት ቀኖች ጭረት እንድትጭርልኝ ለመንኳት። ጫረች፤ በየቀኑ አንዱን እሰርዛለሁ። በዚያ መካከል ለሐሙሱ የሚሆን ነገር ስፈልግ ሰነበትኩ። ወይፈኑ ተበልቷል፣ እህሉ በጠላ አልቋል። የጋበዝኳቸው ሁሉ ሲያገኙኝ «የሰማንያውን መቼ ነው? በሃምሳ ስድስት ነው?» ይሉኛል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በዋዜማው ረቡዕ ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው መምሬ ኃይሌ ከወደቁ ሰባት ቀናቸው ነው፣ ሰው አይለዩም አለኝ። ከበቅሎዋ ላይ ጎብጠው ያየኋቸው ትዝ አለኝ። በዚያ ንዳድ ውስጥ ያን ያህል መንገድ ያስጋለብኳቸው ለከንቱ ነው። በዚያ ቀን አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ በውል አላውቅም።

ሐሙስ ነጋ። የመጨረሻዋን ጭረት ሰረዝኩ። አስካለ የተረፈችንን ስንዴ ንፍሮ ቀቀለች። ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ፤ አንዱ ያመዋል፣ አንዱ ሥራ አለበት፣ አንዱ ደግሞ የአንድ ሰው ዐርባ ሁለት ጊዜ አልበላም አለ። የልጅነት ዳዊቴን በብብቴ ይዤ፣ አስካለ ንፍሮውን ተሸክማ፣ ሁለታችን ወደ ግራሩ ወጣን።

ኦቦ ቱፋ እዚያ ቆመዋል። ከብቶቻቸው ከታች ውሃ ይጠጣሉ። ከመቃብሩ ራስጌ ጀምሮ የወንዝ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ሁሉም ዕንቁላል ዕንቁላል የሚያክል። መቃብሩ ከብቶቹን ውሃ በሚያወርዱበት መንገድ ላይ ነው፤ ከቀብሩ ቀን ጀምረው በየቀኑ ሲያልፉ አንዳንድ ድንጋይ አስቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩት። በአሥርም አልጠቀለልኩም፣ በሰባትም አልጠቀለልኩም፤ በጣቴ እየነካሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

«ያን ቅዳሜ ታዲያ ይህ ሁሉ እዚህ እያለ ለምን ዝም ብለው ወይፈኑን ሰጡኝ?» አልኳቸው።

«ነግሬህ ነበር» አሉ። «አንተ ስለ ባዶ ነገርከኝ።»

እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና አንድ ድንጋይ ዘረጉልኝ።

«የዛሬውን ለአንተ አቆይቼዋለሁ። አደራው የአንተ ነው።»

ተቀበልኳቸውና ከሠላሳ ዘጠነኛው አጠገብ አስቀመጥኩት። ከዚያ ዳዊቱን ገለጥኩ። የምችለውን ያህል ደገምኩ፤ የቄስ ጸሎት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ጋሽ ሽብሩም ይሉኝ የነበረው «አንተ ባለ ቧንቧ» እንጂ ቄስ አይደለም። ስጨርስ ሦስታችን ከግራሩ ሥር ተቀምጠን ንፍሮውን በላን። ብዙ ተረፈ።